ጣቢያው ከከተማ ከራቀ እንኳን ራቀ

የአዲስ አበባ የሃይኪንግ ቡድኖች አሠራር ይታወቃል። እሁድ ጎህ ሳይቀድ ተሰባስቦ ሚኒባስ ውስጥ መታጨቅ ነው። ክፍያው ትራንስፖርትና ምሳን፣ አንዳንዴም ቲሸርትና ፎቶ አንሺን ይጨምራል። ማታ ሲመለሱ መንገዱ ይዘጋጋና ከእግር ይልቅ ወገብ ይደክማል። ለቡ ላይ ባቡር ጣቢያ እያለ ለምን በባቡር አንሞክረውም?

«ጣቢያዎቹ እኮ ከከተማ ውጭ ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የማይጠፋ ቅሬታ ነው፤ ከባቡር ወርዶ ከተማ ለመግባት ሌላ ታክሲ። ሻንጣ ለያዘ ሰው እውነትም ጣጣ ነው። በእግሩ ሊሄድ ለመጣ ሰው ግን ምኑ ነው ችግሩ?

እንግሊዝ ውስጥ ከሴትል እስከ ካርላይል የሚዘረጋ የባቡር መስመር አለ። እዚያ ላይ ያለው የዴንት ጣቢያ ስሙን ከወሰደበት መንደር ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ከአገሪቱ ዋና መስመሮች ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው እያሉ ይኮሩበታል (ድሬዳዋ በሦስት እጥፍ ትበልጠዋለች፣ ግን ይሁንላቸው)። እዚህ ማን ይወርዳል? እግረኛ ነዋ!

እ.ኤ.አ. በ1970 የመስመሩ ትንንሽ ጣቢያዎች ተዘግተው ነበር። በ1975 የዮርክሻየር ዴልስ ብሔራዊ ፓርክ ባቡር ተከራየና በአንዳንድ የሳምንት መጨረሻ ቀናት እግረኞችን እያመጣ እነዚያው የተዘጉ ጣቢያዎች ላይ ያወርድ ጀመር። በ1986 ስምንት ጣቢያዎች ለመደበኛው ባቡር ተከፈቱ። በ1989 ደግሞ መንግሥት መስመሩን ጨርሶ የመዝጋት ሐሳቡን ተወው። ሁሉም በእግረኛ ብቻ ሆነ አልልም፣ ትልቅ የሕዝብ ተቃውሞም ነበር። ግን ባዶ የተባለ ጣቢያ ላይ ሰው እንደሚወርድ ያሳዩት እነሱ ናቸው።

የእዚያ የባቡርና የእግር ጉዞ አሠራሩ ቀላል ነው። መሪው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ የጉዞው መነሻ የባቡሩ መድረሻ ሰዓት ነው። መሪው እዚያው ጣቢያው ላይ ሰው ይቆጥራል፣ ጫማችሁን አይቶ ስኒከር ከሆነ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከዚያ ይመራል። ከኋላ ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ የደከመውን የሚጠብቅ፣ በጎች እንዳይወጡ የአጥሩን በር የሚዘጋ። እዚያው መስመር ላይ ካለው ከሪብልሄድ ጣቢያ ከተነሳችሁ ብዙም ሳትርቁ ባለ 24 ቅስቱን የድንጋይ ድልድይ፣ ቁመቱ ከ30 ሜትር የሚያልፈውን፣ አንጋጣችሁ ታዩታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሁሉም ሰዓቱን ያያል፤ ባቡሩ ካመለጠ ቀጣዩን መጠበቅ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ከቢሾፍቱ ጣቢያ ተነስቶ በእርሻው መሃል ወደ ሐይቆቹ መሄድ ምን ያንሰዋል? መንገዱን የሚያውቁ የአካባቢው ልጆች ይምሩ፤ ክፍያውም ለእነሱ ይሁን። የጸጥታ ነገር አለ፤ ቀድሞ ቀበሌውን ማነጋገር፣ ስጋት ካለ ጉዞውን መሰረዝ ነው። ሃይኪንግ አዘጋጆቻችን ይሄን አሁንም ያውቁበታል።

የማያውቁበት ባቡር ማስነሳት ነው። እሱ የምድር ባቡሩ ሥራ ነው፦ እሁድ ጠዋት ከለቡ ተነስቶ ማታ የሚመልስ አንድ ባቡር፣ ዝናብ በሌለበት ወራት ለሙከራ። ባዶውን ከሄደ ያኔ ይቅር።