በፒያኖ ወንበር ውስጥ የተቀመጠ ዜማ

ለንደን ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የመንከባከብ ሥራ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሥራው በደቂቃ የተለካ ነው፤ ለአንዱ 30፣ ለሌላው 45። ቁርስ አብላ፣ መድኃኒት ስጥ፣ ቅጹን ሙላ፣ ውጣ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት የምሄድባቸው የ88 ዓመት ሴት ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው። በስማቸው እንድጠራቸው ተነግሮኛል፤ የአገሩ ወግ ነውና። እኔ ግን አያቴን የሚያህሉ ሰው በስም ለመጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ «እማማ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደውሉልኝ ራሳቸው «እማማ ነኝ» ይላሉ።

ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ፒያኖ አለ። የወንበሩ መቀመጫ እንደ ሣጥን ይከፈታል፤ ውስጡ ኖታ ይቀመጥበታል። አንድ ዓርብ ሻያቸውን ከጠጡ በኋላ «ከሥር ያለውን ቢጫውን አውጣልኝ» አሉኝ። ጠርዙን ጊዜ የበላው ወረቀት ነበር። በላዩ ላይ «ዮርክ ቦወን» ይላል። ሰውየውን አላውቀውም ነበር። «አትፈር፤ እንግሊዞቹም አያውቁትም» አሉኝና መጫወት ጀመሩ።

ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመዋል። ግራ እጃቸው አንድ እርምጃ ወዲያ፣ አንድ እርምጃ ወዲህ ይወዛወዛል፤ ቀኝ እጃቸው ከበላዩ ቀስ ብሎ ያዜማል። ዜማው ይደርስበታል ወዳልኩት ቦታ ሊያርፍ ሲል ግማሽ ድምፅ ያህል ወደ ጎን ያፈነግጥና ሌላ በር ይከፍታል። ትንሽ ቆይቶ ያ የግራ እጅ ውዝዋዜ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ፤ የእናቴ አንቀልባ ነው። «ይሄ እኮ እሹሩሩ ነው!» አልኩ በአማርኛ። ለካስ የድርሰቱ ስም ቤርሱዝ ነው፤ በፈረንሳይኛ የሕፃን ማስተኛ ዜማ ማለት ነው። በደራሲው ሥራዎች ዝርዝር ቁጥሩ 83 ነው።

ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ ስመላለስ ሁሉ ጆሮዬ ላይ የዜማው ደራሲ ቦወን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1884 እዚሁ ለንደን፣ ክራውች ሂል ተወለደ። አባቱ የውስኪ ድርጅት ባለቤት ነበሩ። በ14 ዓመቱ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1909 እዚያው መምህር ሆነ፤ በ1961 እስኪሞትም ከአካዳሚው አልተለየም። ወጣት ሳለ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ካሚል ሳን ሳንስ ከወጣት እንግሊዛውያን የሙዚቃ ደራስያን ሁሉ እጅግ ድንቁ እርሱ ነው ብሎለታል። በ1925 የቤትሆቨንን አራተኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ድርሰት) በሸክላ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። የሌላውን ሥራ በሸክላ አቆይቶ የራሱ በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ።

ለምን ተረሳ? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሙዚቃው ጆሮ ተለወጠ። የሙዚቃ ደራሲዎቹ ስትራቪንስኪና ሾንበርግ ገነኑ፤ የተሰበረ፣ የሚቆረቁር ድምፅ ዘመናዊ ተባለ። ቦወን ግን እንደ ሾፓንና እንደ ራክማኒኖቭ ለማማር አላፈረም። በ24ቱም የሙዚቃ ስኬሎች የጻፋቸውን 24 ፕሬሉዶች (አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶች) በ1938 ጨረሰ፤ ለኅትመት የበቁት ግን በ1950 ነው። እኔ በሙያው የለሁበትም፤ ነገር ግን አንዳንዶቹን ፕሬሉዶች ስሰማ «ያረጀ ፋሽን» የሚለው ስድብ ከሰሚው ስንፍና የመጣ ይመስለኛል። በእርግጥ ድምፅ የሚያበዛበት ጊዜም አለ፤ ቅቤ የበዛበት ምንቸት አብሽ የሚመስል ገጽ አለው። ቤርሱዙ ግን እንዲያ አይደለም።

ወገኖቼ ስለ ውጭ አገር ሲያወሩ «ነጮቹ ይመዘግባሉ፣ እኛ እንረሳለን» ማለት እንወዳለን። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። ቦወን ይህን አባባል አበላሸብኝ። የእርሱ ነገር ተመዝግቧል፣ ታትሟል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሆኖም ከሞተ 35 ዓመት ቆይቶ፣ በ1996 ፒያኒስቱ ስቲቨን ሃፍ የፒያኖ ሥራዎቹን መርጦ ሙሉ አልበም እስኪያወጣለት ድረስ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነበር። መደርደሪያ ላይ መኖር ጆሮ ውስጥ እንደ መኖር አይደለም። እኛ ዘንድ በኖታ ያልሰፈረው እሹሩሩ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ ማን ደረሰው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ይህን ጽፌ ልኩራራ ስል ፒያኒስቷ መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ትዝ አሉኝ። እርሳቸው ፒያኖም ኖታም ነበራቸው፤ የመጀመሪያ ሸክላቸውም እ.ኤ.አ. በ1967 ወጥቷል። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁት ሰውዬ ግን ድምፃቸውን መጀመሪያ የሰማሁት ለንደን ውስጥ፣ አንድ ሐበሻ ያልረገጠው ካፌ ውስጥ ነው። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ2006 በፈረንሳይ በወጣው ሲዲ ነው። በእጃቸው የጻፏቸው ድርሰቶች ኢየሩሳሌም በሚኖሩበት ገዳም በአሮጌ የአየር መንገድ ፌስታሎች ታጭቀው ነበር የተገኙት። በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ባለፈው ማክሰኞ የእማሆይን ፒያኖ በስልኬ ከፈትኩላቸው። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲያልቅ «ድገመው» አሉ። በሁለተኛው ላይ ቀኝ እጃቸውን ፒያኖው ላይ አሳርፈው በአንድ ጣት ሊከተሉ ሞከሩ፤ ቅኝቱ አምልጧቸው ሳቁ።

«የት ነው የተማሩት?» አሉኝ።

«በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላ ካይሮ። በ1940ዎቹ ለንደን፣ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ ሊመጡ ነበር። አገር ቤት ፈቃድ ተከለከሉ፤ መነኮሱ።»

ዝም አሉ። ጣታቸው አሁንም ነጩ ቁልፍ ላይ ነበር።

«እርሱ እኮ ያን ጊዜ እዚያ ያስተምር ነበር» አሉ።

ሰዓቴን አየሁ፤ 45 ደቂቃው አልፎ ነበር። ቢጫውን ኖታ ወደ ወንበሩ መልሼ ክዳኑን ዘጋሁ። ቅጹን አውጥቼ ቁርስ በልተዋል፣ መድኃኒት ወስደዋል ብዬ ምልክት አደረግሁ። ስለ ፒያኖ የሚጠይቅ ሣጥን ቅጹ ላይ ስለሌለ፣ ግርጌው ላይ ባለችው ጠባብ ባዶ መስመር «ዛሬ ሁለት ሰው ሰማን» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ።