የግሬሲያ ፖሊ ትልቁ ሥራ ከወርቁ በፊት ነበር

ኢንዶኔዢያዊቷ የባድሜንተን ተጫዋች ግሬሲያ ፖሊ ስሟ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ የቶኪዮው ኦሎምፒክ ወርቅ ነው። ይገባታል። እኔን ግን ከወርቁም በላይ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2017 ያደረገችው ነው። ያኔ 29 ዓመቷ ነበር። ጫማዋን ልትሰቅል አስባ ሳለ የ19 ዓመቷን አፕሪያኒ ራሃዩን ይዛ እንደገና ከታች ጀመረች።

ጥንድ ጨዋታ ጨካኝ ነው። ለብቻው የሚጫወት ሰው ደረጃው የራሱ ነው። በጥንድ ግን የዓለም ደረጃ የሚሰጠው ለሁለቱ በጋራ ነው። አንዷ ከተጎዳች ሌላዋም ጤነኛ ሆና ሳለ ትቆማለች። አጋር ስትቀይር ደግሞ ለዓመታት የለፋችበት ነጥብ ተከትሏት አይመጣም። ግሬሲያ ላይ ይህ ደርሷል። ከኒትያ ክሪሺንዳ ማሄስዋሪ ጋር በ2014 የኢንቺዮን የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ አገኘች። በሪዮ ኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ ላይ ተሸነፉ። ከዚያ ኒትያ በጉዳት ራቀች።

ከዚህም የከፋው የለንደን 2012 ኦሎምፒክ ነው። አራት የሴቶች ጥንዶች፣ ማለትም ስምንት ተጫዋቾች፣ ለማሸነፍ አልታገላችሁም ተብለው ከውድድሩ ተባረሩ። ግሬሲያና የያኔ አጋሯ ሜይሊያና ጃውሃሪ ከእነሱ መካከል ነበሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከምድባቸው ማለፋቸውን ያረጋገጡ ጥንዶች በቀጣዩ ዙር የሚገጥማቸውን ለመምረጥ ሲሉ መሸነፍ ፈለጉ። ባድሜንተን የሚጫወቱባትን ላባማ ኳስ ሆን ብለው መረብ ላይ መቱ፤ ከመስመር ውጭ ሰደዱ። ተመልካቹ በጩኸት ተቃወመ። እውነት ለመናገር ጥፋት ነበር፤ ቅጣቱም ተገቢ ነበር። ግን ሽንፈትን ጠቃሚ ያደረገውን የውድድር ሥርዓት ያወጡትም ተጠያቂዎች ናቸው። በኋላ ሥርዓቱ ተቀየረ፤ ከምድብ በሁለተኛነት የሚያልፉ ጥንዶች ተጋጣሚያቸውን በዕጣ እንዲያውቁ ተደረገ። ተጫዋቾቹ ግን ስማቸው ጎድፎ ቀረ። ብዙ ሰው እዚያው ላይ ያበቃለት ነበር።

እሷ ቀጠለች። ከሪዮ በኋላ ልታቆም ስትል አሠልጣኟ ኤንግ ሂያን አግባብቶ አስቀራት። ራሱም በአቴንስ 2004 በወንዶች ጥንድ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነው፤ አንድ ልምድ ያለው ተጫዋች አጠገብ መቆም ለወጣት ምን እንደሚሠራ ያውቃል። አፕሪያኒ ጉልበትና ድፍረት ነበራት። የጎደላትን ትዕግሥትና ጨዋታ የማንበብ ችሎታ ግሬሲያ ሜዳ ላይ፣ በየነጥቡ መሃል እያወራቻት አስተማረቻት። በዚያው በመጀመሪያው ዓመት የታይላንድንና የፈረንሳይን ኦፕን ውድድሮች አሸነፉ። በ2018 እና በ2019 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ወሰዱ።

ቶኪዮ ሲደርሱ ለዋንጫ የጠበቃቸው እምብዛም አልነበረም። ነሐሴ 2 ቀን 2021 በፍጻሜው ቻይናውያኑን ቼን ቺንግቼንንና ጂያ ዪፋንን 21 ለ 19፣ 21 ለ 15 ረቱ። ያን ጨዋታ ያየ ሰው አንድ ቅጽበት አይረሳም። የግሬሲያ ራኬት ክሩ ተበጠሰ። ነጥቡ ገና አላለቀም። ሮጣ ሌላ ራኬት እስክታነሳ ድረስ አፕሪያኒ ሜዳውን ብቻዋን ያዘችው። ያቺ ልጅ አራት ዓመት ስትዘጋጅ የነበረው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ወርቁ ለኢንዶኔዢያ በሴቶች ጥንድ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነበር። በእሱም አገሪቱ በአምስቱም የባድሜንተን ዘርፎች (በወንዶችና በሴቶች ነጠላ፣ በወንዶችና በሴቶች ጥንድ፣ በድብልቅ ጥንድ) የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛዋ ሆነች።

ስለ ጥንድ ተጫዋች ስንጽፍ ሜዳሊያ ብቻ መቁጠራችን ያናድደኛል። ከእሷ ጋር የተጫወቱት ምን ሆኑ ብለንም መጠየቅ አለብን። ግሬሲያ በሰኔ 2022 ጃካርታ ላይ ተሰናበተች። በቀጣዩ ወር አፕሪያኒ ከእሷ ከምታንሰው ሲቲ ፋዲያ ጋር ሆና የማሌዥያን ኦፕን አሸነፈች። በዚህኛው ጥንድ ታላቋ እሷ ነበረች።