ፎርማት ለዘላለም ይኑር

ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት አያዝም። ያው ኋላ ቀር ሙያ ስለሆነ ነው። የድሬ ኮምፒውተር ሠሪ ከዚህ ጣጣ ከተላቀቀ ቆይቷል። ገና በሩ ላይ ቆመህ፣ ላፕቶፑን ከቦርሳ ሳታወጣ፣ «ትንሽ አስቸግራኝ...» ስትል «ፎርማት ነው» ይልሃል። ዊንዶውሷን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው።

ዘገየች? ፎርማት። ድምፅ አነሳት? ፎርማት። ቡና ተደፋባት? መጀመሪያ ትጠረግ፣ ከዚያ ፎርማት። ባለሙያው ብቻም አይደለም። ላፕቶፕ ታቅፈህ ባጃጅ ውስጥ ብትገባ ሹፌሩ በመስታወት አይቶህ «ፎርማት አስደርጋት፣ አዲስ ነው የምትሆነው» ብሎ ይመክርሃል። ሒሳብም አይጨምርበት።

የእኔዋ ከታይዋን የተገዛች፣ አሥር ዓመት ያለፋት አሮጊት ናት። (ታይዋን ስል ገበያውን ነው። የድሬ ልጅ ሌላ ታይዋን እንዳለ የሚሰማው ካደገ በኋላ ነው።) ሕመሟ አንድ ብቻ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ እሷም ትግላለች፣ ታጓራለች፣ ድርግም ትላለች። ማታ ነፋስ ሲመጣ ደህና ናት።

ሌላ አገር ቢሆን «ማቀዝቀዣ ፋኗ አቧራ ሞልቶት ይሆናል» ብሎ የሚጠረጥር አይጠፋም። ፋን ለማየት ግን ካቻቪቴ ያስፈልጋል። ብሎን ይጠፋል። አቧራው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ከዚራ ሠፈር የወሰድኩለት ልጅ ይህን ሁሉ አስቦ «አቦ ጋሼ፣ አታስብ፣ ፎርማት ናት» አለኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ አይበረክትም።)

«ፎቶዎቼስ?»

«ዲ ላይ ያለው አይነካም።»

«ዴስክቶፕ ላይ ናቸው እኮ።»

ዝም አለ። ዴስክቶፕ ፎርማት የሚጠርገው ሲ የሚባለው ክፍል ውስጥ መሆኑን የተረዳሁት ከዝምታው ነው። የተወሰነ ገለበጥንና የቀረውን ለአላህም ለእግዜርም ሰጠነው።

አሥር ሰዓት ላይ አለቀች። ውጤቱ ድንቅ ነው። ስክሪኗ ላይ ያለው ምስል ሁሉ ድፎ ዳቦ አክሏል። ዋይፋይ የለም። ድምፅ የለም። ማውሱ ጥቁሯ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ይሄዳል፣ ሰማያዊዋ ላይ ሲሰካ ይሞታል። ሰማያዊዋ ዩኤስቢ 3 ናት፤ ልጁ የጫነልኝ ዊንዶውስ 7 ደግሞ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን የሚያዝበት ፕሮግራም) ይዞ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ማይክሮሶፍትም ከጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ጀምሮ እጁን ያነሳበት ነው። በፊት የነበረኝ 10 ነበር። «አሮጊት አይደለች? 7 ይቀላታል» ብሎ ነው የቀየረልኝ። አልዋሸም። ዋይፋይ፣ ድምፅና አንድ ቀዳዳ ሲቀነስለት የማይቀለው ማን አለ?

የላፕቶፗ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን ዲቫይስ ማናጀርን ከፈተው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ ቃለ አጋኖ፣ ከላይ እስከ ታች። «አንኖውን ዲቫይስ» ይላል። ጠዋት ከነስሙ ሲያገለግል የዋለ ካርድ ከሰዓት ማንነቱ ያልታወቀ ሆነ።

«የዋይፋይ ድራይቨር የላትም» አለኝ።

«ከየት ይመጣል?»

«ከኢንተርኔት ይወርዳል።»

«አውርደዋ!»

«ዋይፋይ የላትማ!»

ተያየን። ድራይቨር ሹፌር ማለት አይደል? ሹፌሩን ለማምጣት መኪናው ያስፈልጋል፣ መኪናውን የሚነዳው ደግሞ ሹፌሩ ነው። እንዲህ ያለ ጥልቅ ነገር የሚገኘው በፎርማት ብቻ ነው።

ከዚያ የፍላሹ ሥነ ሥርዓት መጣ። አንዱ ፍላሽ ከመሳቢያ፣ አንዱ ከጎረቤት ሱቅ፣ አንዱ ከልጁ የቁልፍ መያዣ። ሦስተኛው ላይ «ሁሉም ድራይቨር ያለበት» ጥቅል ተገኘ። ተጫነ። ዋይፋዩን አልነካም። አንድ የማላውቀው ብራውዘርና በየአምስት ደቂቃው ብቅ የሚል አንቲቫይረስ ግን መረቀልኝ። ኢንተርኔት የሌላት ላፕቶፕ ሁለት ብራውዘር ኖራት!

እርግጥ እምነት የጎደላቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ከፎርማት በፊት ከላፕቶፑ ሆድ ሥር ያለውን የሞዴል ቁጥር በስልክ ፎቶ ያነሳሉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆኑ በአንድ መስመር ትእዛዝ ድራይቨሮቹን ወደ ፍላሽ ይገለብጣሉ። ቢጫ ምልክት ሲያዩም አይደነግጡም። ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ ብለው ሃርድዌር አይዲ የሚባለውን ያነባሉ። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የአምራቹ ቁጥር ነው፤ 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ። (8086 ኢንቴል በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር ስም ነው። አባት በልጁ ስም ሲጠራ እኛም ሠፈር አለ።) «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ደግሞ የዕቃው የራሱ ነው። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች ፈልገው ትክክለኛውን ድራይቨር በስልካቸው ያወርዳሉ፤ ወይም ስልኩን በኬብል ሰክተው ኢንተርኔቱን ለላፕቶፑ የሚያጋራውን ዩኤስቢ ቴተሪንግ ይከፍታሉ። እንዲህ እያሉ ሩብ ሰዓት ያባክናሉ። በሩብ ሰዓት ስንት ላፕቶፕ ይጸዳበት ነበር!

የእኔዋን ዋይፋይ በሦስተኛው ቀን ሳቢያን የሚኖር የዘመዴ ልጅ አስተካከለልኝ። በዚያው በቁጥሩ ነው ያገኘው። ሙያ ነው እንዳልለው ፍላሽ እንኳ አልለዋወጠም፤ ስልኩን ሰክቶ ሻዩን እየጠጣ ጨረሰው።

በማግሥቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጋለች፣ አጓራች፣ ድርግም አለች።

ይዣት ወደ ከዚራ ተመለስኩ። ልጁ በዚህኛው ቀን በቁም ነገር መረመራት። ገለበጣት። መዳፉን ጀርባዋ ላይ አደረገና «ውይ፣ ትፋጃለች እኮ!» ብሎ ቶሎ አነሳው። ልቤ በተስፋ ዘለለ። መሳቢያውን ሲስብ ካቻቪቴ ሊያወጣ ነው ብዬ ብሎኖቹን መቁጠር ጀመርኩ።

ፍላሽ አወጣ።

«7 አልተስማማትም ጋሼ» አለኝ። «10 እናድርጋት።»