ዶክተር፣ ግባ አቦ!

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ሰርግ ተጠርቼ ነበር። መድረክ መሪው የክብር እንግዶችን ማስተዋወቅ ሲጀምር ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። የሰዎቹ ስም ረዝሞ አይደለም፤ ከስማቸው በፊት የሚመጣው ነው የረዘመው። «ክቡር ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ አምባሳደር...» እያለ ሄዶ ሄዶ ስሙ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጠረው። ሙሽሮቹ ቆመዋል። ጥብሱ ቀዝቅዟል። ድሬ ላይ ጥብስ እስኪቀዘቅዝ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እኔ ግን ኮራሁ። አንድ ድንኳን ውስጥ ስድስት ዶክተር! የሙሽራው አያት ይህን ሰምተው የሚያማቸውን ጉልበት ሊያሳዩ ወደ ክብር ጠረጴዛው ዘወር ሲሉ፣ ስድስቱም ባንድ ጊዜ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

መቼም ከተማችን በዲግሪ ታምታ አታውቅም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጥላ ሥር ለተቀመጠ ሁሉ 35 ዲግሪ በነፃ ይታደላል። መግቢያ ፈተና የለ፣ ክፍያ የለ። ሌላውስ ዲግሪ ለምን እንዲሁ አይታደልም ያለ ሰው ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ከሁሉም የማደንቀው ግን የኛን ሰፈር ሰው ነው። (እናንተም ሰፈር አንድ አለ።) መጀመሪያ የአንድ ጎረቤት የበር ደወል ጠግኖ «ኢንጂነር» ሆነ። ደወሉ አሁንም አይሠራም፣ ማዕረጉ ግን ይሠራል። ቀጥሎ «የዶክትሬት ዕጩ» ተባለ። ዘጠኝ ዓመት ታጨ። ዘጠኝ ዓመት ታጭታ ያልተዳረች ልጅ ብትኖር ሰፈሩ ስንት ባወራባት! እሱን ማንም «ኧረ መቼ ነው ሰርጉ?» አላለውም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀን በዋትስአፕ ተመረቀ። ጉርድ ፎቶና «የአገልግሎት» የሚባል ክፍያ ላከ፤ የክብር ዶክትሬት መጣለት። ዩኒቨርሲቲው ግቢ የለውም፣ ቤተ መጻሕፍት የለውም፣ የት አገር እንዳለም አይታወቅም። ስልክ ቁጥርና የወርቅ ቀለም ማኅተም አለው። በዩኒቨርሲቲዎች ልማድ የክብር ዶክትሬት የተሰጠው ሰው ስሙ ፊት «ዶ/ር» አያስቀድምም። ምስጋና ነዋ፤ አጥንቶ ያገኘው አይደለም። የኛ ሰው ግን «ክብር» የምትለዋን ቃል አልደበቃትም። ቦታዋን ብቻ አስተካከለ። «የክብር ዶክትሬት» የነበረው «ክቡር ዶክተር» ሆነ።

ከወረቀቱ ጋር ጋዋን መጣ። ዳርዳሩ ከፋይ የሆነ ጥቁር ጋዋንና ዘርፍ ያለው ቆብ። ሌላ ሰው ይህን የምርቃት ቀን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ላቡን ጠርጎ ይመልሳል። እሱ መጀመሪያ ለቅሶ ለብሶት ሄደ። ያዘነ ቤት ምን ይላል? ዝም ተባለ። ከዚያ ዕድር ላይ ለበሰው። ከዚያ በርጫ ላይ። አንድ ጠዋት ፈጢራ ቤት ሲያጎነብስ የቆቡ ዘርፍ ማሩ ውስጥ ገባ፤ ንብ እስከ ከዚራ ድረስ ሸኘችው። ቀፊራ ሽንኩርት ሊገዛ ቢሄድ ነጋዴዋ ከላይ እስከ ታች አይታ ዋጋ ጨመረች። «ዶክተር ሆነህ ለሽንኩርት ትከራከራለህ?» አለችው። ከፈለ። ማዕረግ ያስከፍላል።

ባጃጅ ሲሳፈር ደግሞ ጋዋኑ በግራ በቀኝ እየተውለበለበ፣ ከሩቅ ለሚያየው የባጃጁ ሸራ የተገነጠለ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ሰውየው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እርስዎ» መባል። ግን ድሬ ነዋ! ድሬ ለሽማግሌውም ለሹሙም «አንተ» ነው፤ አንቱታ ከደጋ ሲመጣ መንገድ ላይ ቀልጦ ይቀራል። ሾፌሩ ገና ሲያየው «ዶክተር፣ ግባ አቦ! ቀሚስህን ሰብስብ!» አለው።

በሦስተኛው ሳምንት ገላውን ሽፍ አደረገው። ክሊኒክ ሄደ፤ ሐኪሟ ጋዋኑን አውልቅ አለችው። «ዶክተር ለዶክተር እንነጋገር» ብሎ ድርድር ገባ። በመጨረሻ ተስማሙ፣ እጅጌው ተቆረጠ። ይኸው ዛሬ ከተማችን እጅጌ የሌለው ዶክትሬት አላት።

ጀርመኖች ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የመከላከያ ሚኒስትራቸው የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ ከሰው የተገለበጠ ነገር ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው ማዕረጉን ነጠቀው፤ ወሬው ከወጣ በሁለት ሳምንት ገደማ ሰውየው ሥልጣኑን ለቀቀ። ምን ዓይነት የዋህ ነው? ጉዱን ያመጣበት እኮ መጻፉ ነው። የኛ ሰው ይህን ቀድሞ አስቦበታል። አንዲት ገጽ አልጻፈም። ሂድና ግልብጡን ፈልግ!

ሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ሥልጠና ተቀምጦ፣ ሻይ በብስኩት ጠጥቶ፣ አሠልጣኙ ከአሜሪካ ስለመጣ «አሜሪካ የተማረ» የሚሆነውንም አልረሳሁትም። እሱ ገና ጀማሪ ነው። ያድጋል።

አንዲት ጎረቤት አለችኝ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች አንዷ ነበረች። አለፈች። ከዚያ ሥራ ፈለገች፣ ፈለገች፣ ደከማት። በቅርቡ የማሸጊያ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ማመልከቻው ላይ የሞላችው «10ኛ ክፍል» ብላ ነው። «ዲግሪ አለኝ ካልኩ አይቀጥሩኝም» አለችኝ። ዲግሪዋ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከክረምት ልብስ ሥር ነው ያለው። ታናሽ ወንድሟ የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወሰደ። በዚያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ነበሩ። እሱ አላመጣም። ሲጠይቁት «ወደቅኩ» ይላል፣ በቃ።

ይሄ ያንገበግበኛል። ያላት ትደብቃለች፣ የሌለው ለብሶ ይዞራል፤ እኛ ደግሞ ብድግ ብለን ወንበር የምንለቀው ለጋዋኑ ነው። ጋዋኑስ ያስቃል እሺ። ፎርጅድ ወረቀት ይዞ ክፍል የገባው፣ ፎርጅድ ወረቀት ይዞ ሕንፃ ላይ የፈረመውስ? ሌባ ነው። የልጆቻችንን ዓመት ነው የሚሰርቀው፣ ጣሪያው የሚወድቀው ሰው ላይ ነው። «ሰው እንዴት ይኑር» እያላችሁ አታባብሉልኝ!

ይቅርታ። ሙቀቱ ነው።

ትናንት ከሰዓት ከዚራ አንድ ካፌ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። ውሃ ካዘዝኩ ግማሽ ሰዓት አልፎኛል። አስተናጋጁ ሦስቴ በአጠገቤ አልፏል፣ ሦስቴም አላየኝም። ባለ እጅጌ አልባው መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «የምትጽፈው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «የት ድረስ ተማርክ?» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጥኩት። ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ወደ አስተናጋጁ ዞሮ ጮኸ፦

«አንተ! ለዶክተር ቀዝቃዛ ውሃ አምጣ!»

ውሃው ወዲያው መጣ። ጠርሙሱ ላብ አለው። አስተናጋጁ ክዳኑን ከፍቶ ቀዳልኝ፣ ይህን ካፌ ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰውየው ጋዋኑን እያራገበ ያየኛል።

ዝም ብዬ ጠጣሁት።