ሙታን ይነሡ፣ ባትሪው ግን ያሳምነን

የሰው ልጅ ከተላላነት እስካሁን በምን ተረፈ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ ሪሞት ይዘው ሶፋ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሙት የሚነሣበትን፣ መንፈስ የሚንከራተትበትን፣ መርከብ ብርሃንን ቀድማ የምትበርበትን ተከታታይ ድራማ የሚከታተሉትን ማለቴ ነው። ዕድሜ ይስጣቸውና እነሱ ባይኖሩ ደራሲዎቹ አታለው ጨርሰውን ነበር። ትልቁን ነገር ያለ ማመንታት ያምናሉ፤ ትንሹን ግን ሳይመረምሩ አያሳልፉም። ወንጌሉ ትንኝ እያጠሩ ግመል የሚውጡ ሰዎችን ይወቅሳል። እነዚህን ቢያይ ኖሮ መጀመሪያ የጉሮሯቸውን ስፋት ያደንቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከመካከላቸው አንዱ የቅርብ ወዳጄ ነው። ባለፈው ሳምንት አብረን ስንመለከት፣ ከሞተ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ግድግዳውን ሰንጥቆ ሳሎን ገባ። ወዳጄ ቅንድቡን እንኳ አላነሣም። ሟቹ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ግን ምስሉን አቆመው። «ግድግዳው ያልያዘውን ሰው ወለሉ እንዴት ያዘው?» አለ። እውነቱን ነው፤ ለካ እኔ ይህን ያህል ዓመት ስመለከት የኖርኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ መለሰው። ሶፋው በመንፈሱ ክብደት ሰርጎድ ማለት አለማለቱን ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ አየነው። ሰርጎድ ብሏል። ወዳጄ የዘመድ መርዶ እንደ ሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ትንሽ ቆይቶ ልጅቱ ከመንፈሱ ሸሽታ ምድር ቤት ገባች፤ ልትደውል ስትል ስልኳ ጠፋ። ይሄኔ ወዳጄ ከመቀመጫው ተነሣ። «ጠዋት ቻርጀር ላይ ስትሰካው በዓይናችን አይተናል! ልክ በጭንቋ ሰዓት ነው ባትሪ የሚጨርሰው? ማንን ነው የሚያሞኙት?» ከመቃብር የወጣው ሰው ምንም አላለውም፤ ሊያልቅ የማይገባው ባትሪ ማለቁ ነው ያንገበገበው። የ42 ደቂቃው ክፍል በሁለት ሰዓት ተኩል አለቀልን።

ሥራው ዕውቀት አይጠይቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። መሬት ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰ ጀግና የሚያርፈው ሳሎኑ ውስጥ ሳይሆን ከሳሎኑ 108 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ባዶ ሕዋ ላይ ነው። ሒሳቡን እኔም አባዝቼ አይቼዋለሁ፤ ልክ ነው። ወደ ትናንት መመለስ ራሱ ይቻላል ወይ ብዬ እነዚህን ተመልካቾች ስጠይቃቸው ግን «እሱማ ታሪኩ ነው» አሉኝ፤ የሞኝ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ በሚታይበት ርኅራኄ እያዩኝ። ከዓይን የተሰወረው ሰውም ከእጃቸው አላመለጠም። ዓይን የሚያየው ብርሃኑን ከውስጥ በኩል ባለው ብርሃን ተቀባይ፣ ሬቲናው ላይ ሲያስቀር ነው፤ ብርሃን ሁሉ ሰንጥቆት የሚያልፍ ሰው እንግዲህ ዕውር ነው። ምስኪኑ ለመሰወር ያን ሁሉ ደክሞ በር እንኳ አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው፣ ቫምፓየር የሚባሉ ደም መጣጭ ሙታንን ስለምታድን ልጅ የሚተርከው የባፊ ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲያበቃ፣ ጀግናዋ ውኃ ውስጥ ሰጥማ ትገኛለች። የሚወዳት ቫምፓየር እስትንፋስ ስለሌለኝ ትንፋሽ ልሰጣት አልችልም ይላል። ተመልካች ይህን ሊያሳልፍ ነው? እስትንፋስ የሌለው ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር በየትኛው አየር ተናገረው? በኋላ የመጣው ሌላኛው ቫምፓየርማ ሲጋራ ያጨሳል! የመጀመሪያው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሬሳ፣ በፍቅር መንደዱ ማንንም አላስጨነቀም። የተመረመረው ሳንባው ነው።

ትልቁ ድላቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረው ስታር ትሬክ በተባለው የሕዋ ጉዞ ድራማ ላይ የተቀዳጁት ነው። ሰውን በትኖ ሌላ ቦታ የሚገጣጥመው ማሽን የተፈጠረው ከገንዘብ ችግር ነበር፤ በየሳምንቱ መርከብ ስታርፍ ማሳየት ከበጀት በላይ ሆነ። ተመልካቹ ይህችን የድሀ መላ ወስዶ በኳንተም ፊዚክስ መዘናት። የፊዚክስ ሊቁ የሃይዘንበርግ መርሕ የአንድን ቅንጣት ቦታና ፍጥነት በአንድ ጊዜ በትክክል ማወቅ አይቻልም ይላል፤ ታዲያ የተበተነው ሰው እንዴት ተመልሶ ሰው ይሆናል? አዘጋጆቹ በኋለኞቹ ተከታታዮች እጅ ሰጡ፤ ማሽኑ ላይ «የሃይዘንበርግ ማካካሻ» የሚባል ዕቃ ገጠሙለት። ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ የተጠየቀው የድራማው የቴክኒክ ባለሙያ ማይክል ኦኩዳ፣ በጣም ጥሩ ይሠራል፣ አመሰግናለሁ ሲል መለሰ። እኔ ብሆን ሰውየውን በማግስቱ እሾመው ነበር። ስም የወጣለት ዕቃ አለ ማለት ነው፤ ካለ ደግሞ ይሠራል።

ነገሩን ለማጣጣል የፈለገ ሰው አርስቶትልን አያንሣ፤ እሱም ከነሱ ወገን ነው። ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ድርሰት ሲጽፍ፣ ሊሆን እየቻለ ከማያሳምን ነገር ይልቅ ሊሆን ባይችልም የሚያሳምን ነገር ይመረጣል ብሏል። መንፈሱ ሊሆን የማይችለው ነው፣ ባትሪው ሊሆን እየቻለ የማያሳምነው። ወዳጄ ይህን ስነግረው አልተደነቀም። ሪሞት ሳይኖረው እዚያ መድረሱ ግን ደግ ነው አለ።

ትናንት ማታ ቀጣዩን ክፍል ልናይ ተቀጣጥረን ነበር። ወዳጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ መጣ። መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ አለኝ። ሊቀይር ወርዶ ሳለ አሥራ አምስት ዓመት ያላየው የልጅነት ጓደኛው በዚያው አለፈና ያዘው። ሊደውልልኝ ስልኩን ቢያወጣ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ባትሪ ጨረሰ። ቻርጀሩን የት እንደሚሰካ እየፈለገ ነበር ይህን የሚያወራኝ።

ቅንድቤን እንኳ ሳላነሣ ሪሞቱን አቀበልኩት።