አገጭ ላይ የወረደ ጭምብል

ወገኖቼ፣ የኮሪያ ክርስቲያኖችን የማለዳ ጸሎት እንደ አርአያ እየሰማን ላደግን ሁሉ የምለው አለኝ። ኦገስት 17 ቀን 2020 በሴኡል ከተማ ፓስተር ጁን ክዋንግ ሁን ኮሮና እንደያዛቸው ታወቀ። ወደ አምቡላንሱ ሲገቡ በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ጭምብላቸው አገጫቸው ላይ ወርዶ፣ ስልካቸውን ይዘው ፈገግ ብለው ይታያሉ። ከሁለት ቀን በፊት፣ በነጻነት በዓል ዕለት፣ በጓንግህዋሙን አደባባይ መንግሥትን ለመቃወም ለተሰበሰበው ሕዝብ መድረክ ላይ ወጥተው ንግግር አድርገው ነበር፤ ወረርሽኙ ሳራንግ ጄይል ቤተ ክርስቲያናቸው መግባቱ እየታወቀ፣ ቫይረሱን ሆን ብለው ያፈሰሱብን ሌሎች ናቸው አሉ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር የተያያዙት ሕሙማን ከ1,000 በላይ ሆኑ። ያን ፈገግታ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ፓስተር የፖለቲካ አቋም አይኑረው አልልም። የወቅቱን ፕሬዚዳንት ሙን ጄ ኢንን መቃወም መብታቸው ነበር። በ1919 ኮሪያ ከጃፓን ነጻ መሆኗን ያወጀውን አዋጅ ከፈረሙት 33 ሰዎች 16ቱ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ እነርሱ ግን ለመከራ ያቀረቡት የገዛ ሥጋቸውን ነው፣ የምእመናንን ሳንባ አላስያዙም። እኚህ ሰው በ2019 ሰልፍ ላይ እግዚአብሔርን ራሱን «እንዳትንቀሳቀስ፤ ብትቀብጥ በእኔ እጅ ትሞታለህ» ብለዋል፤ ከዚያም በኋላ አደባባዩ ሞልቶላቸዋል። ከሙን በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ወታደራዊ ሕግ አውጀው ከሥልጣን ሊነሡ ሲሉም ደጋፊ ሰልፍ የጠሩት እኚሁ ናቸው። የሚያሳዝነኝ ያ የሞላው አደባባይ ነው፤ ከቆሙት መካከል ብዙዎቹ የእናት የአባት ዕድሜ ያላቸው ናቸው።

እኔስ? ፎቶግራፉን ለጓደኞቼ ልኬ ስቄበታለሁ። በኋላ ግን አንድ እሑድ የእኛው አጥቢያ አገልጋይ «ጌታ አሳየኝ» ብሎ ለማን ድምፅ እንደምንሰጥ ከመድረክ ሲነግረን፣ አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ እጇን ዘርግታ «አሜን» ስትል፣ ሰው እንዳይታዘበኝ ብዬ እኔም ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። በሴኡሉ ሰው ለመሳቅ ምን አፍ አለኝ? እናንተስ፣ ወገኖቼ፣ እንዲህ ባለው እሑድ ምን አላችሁ?

እናቴ ዛሬም ከፊት ወንበር አትጠፋም። «እማዬ፣ ለጸሎቱ አሜን በዪ፣ ለምርጫ ካርድሽ ግን አትበዪ» ልላት ስንት ጊዜ አስቤ ቤት ስንደርስ ቡናው ቀድሞኛል። ምናልባት በዚህ እሑድ፣ ገና መንገድ ላይ ሳለን።