አለቃውን ማን ያሰልጥነው?

እዚህ አሜሪካ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የክፍላችን ኃላፊ በየሳምንቱ በሯን ዘግታ ከአንድ ሰው ጋር በስልክ ታወራ ነበር። እኛ ሐበሾቹ መቼም ግምት አይቸግረንም፤ "ከበላይ መመሪያ እየተቀበለች ነው" ተባባልን። ለካስ ኮቿ ነው፤ የአመራር አሰልጣኟ ማለት ነው! ኋላ ራሷ እንዳወራችን ሰውዬው አያዛትም፣ አይገመግማትም፣ ደመወዟ ላይም ሥልጣን የለውም። ብቻ ይጠይቃታል። "በትናንቱ ስብሰባ ማን ብዙ አወራ? አንቺ ወይስ እነሱ?" ይላታል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ፈረቃ ስንረካከብ ብቅ እያለች "ዛሬ ሥራ ያከበደባችሁ ምንድነው?" ማለት ጀመረች። አንዷ ነርስ የግሉኮሱ ቁምሳጥን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ስትመላለስ እግሯ ማለቁን ነገረቻት። በሳምንቱ ቁምሳጥኑ መሃል መጣ። ይኸው ነው፤ ተአምር የለውም።

ነገሩ እዚህ አገር ታሪክ አለው። ከጎግልና ከአፕል አለቆች ጀርባ ቢል ካምቤል የሚባል ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያረፈው። ኮች ስላችሁ የምር ኮች ነው። በ1970ዎቹ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ያሰለጥን ነበር፣ ያውም ከሚያሸንፈው የሚሸነፈው የሚበዛ ቡድን። የጎግል ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ኤሪክ ሽሚት "ኮች ያዝ" ሲባል መጀመሪያ ቅር ብሎት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ማን ቅር አይለውም? ጎግል ቆይቶ ጥሩ አለቃ ምን ዓይነት ነው ብሎ ሲያጠና ግን፣ ከስምንቱ ጠባዮች አንደኛ የወጣው ሠራተኛን እንደ ኮች ማብቃት ነው። የቴክኒክ ዕውቀት ስምንተኛ ወጣ።

አገር ቤት ለእረፍት ስሄድ ጉዳይ ይዤ አንድ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋ "ስብሰባ ላይ ናቸው" አለችኝ። በሩ ገርበብ ስላለ ወንበራቸው ይታየኛል፤ መደገፊያው ላይ ነጭ ፎጣ ተነጥፎበታል። ግድግዳው ላይ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ፖስተር ተለጥፏል። ካይዘን እኮ አለቃው ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ወርዶ ከሠራተኛው እንዲማር ነበር፤ እኛ ጋ ፖስተሩ ደረሰ፣ አለቃው ግን አልወረደም። ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥም፣ አንድ ለአምስት የተባለው የሠራተኞች አደረጃጀትም እንዲሁ አለፉ። አመራሩ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሄዶ ይሰለጥናል፣ አበሉን ይቀበላል፣ ባነር ፊት ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ግምገማ አለን የሚለኝ አይጠፋም። አለ፤ ግን ግምገማ ላይ ሰው የሚያስበው እንዴት ተከላክሎ እንደሚወጣ ነው፤ በዚያ ጭንቀት መሃል ማን ይማራል?

አሰልጣኝ የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን እሺ። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታጠልቅ አሰልጣኝ ነበራት፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ስትደግመውም ነበራት። "ከእንግዲህ ማን ሊያስተምራት" ያለ የለም። ሥራ አስኪያጅ ግን በተሾመ ማግስት ትምህርቱን የጨረሰ ይመስለዋል።

ደግሞ ያንኑ ሰውዬ እሁድ እድር ላይ ብታዩት! ሰኞ በጸሐፊ የሚታጠረው አቶ እገሌ የድንኳኑን ገመድ ይስባል፤ ስለጠፋው አግዳሚ ወንበር አንዲት እናት ሲያፋጥጡት "ልክ ነዎት እማማ፣ እናጣራለን" ይላል። ሰውዬው ያው ነው። እድር ላይ ጠያቂ አለበት፣ ቢሮው ውስጥ የለበትም፤ ልዩነቱ ይህ ነው። ትሕትና ከተፈጥሮ ነው የሚሉትን ለዚህ ነው የማልቀበለው።

እዚህም ቢሆን ሁሉ ማር አይደለም። ልጆችህን በስም እየጠራ "እንዴት ናቸው?" የሚልህ ትሑት አለቃ፣ ኩባንያው ሲጠበው በኢሜይል ያሰናብትሃል። ለጽዳት ክፍል ሱፐርቫይዘር ኮች ሲቀጠርም አላየሁም፤ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ላይ ነው።

አሁን አዲስ አበባም ኮቺንግ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ደስ ይላል። ፍርሃቴ ያው የአዳማው ሥልጠና ስም ቀይሮ እንዳይመጣ ነው። ጥሩ ኮች ከአለቃው ጋር ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሥሩ ያሉትን ለየብቻ፣ ስማቸው ሳይነሳ ይጠይቃል። ሾፌሩንም፣ ተላላኪዋንም። አገር ቤት ይህን የሚፈቅድ ሥራ አስኪያጅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነው።